ያ ምሳ ነጻ አልነበረም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ድሬ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። ከአምስቱ ሁለቱ የእህቴ ልጆች ናቸው። «አክስቴ፣ አንቺ የምትሠሪው ይሄንን አይደል? እኛንም አስገቢን እንጂ» አሉኝ። መልሱን በስልክ ጀመርኩላቸው፣ አላልቅ አለኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ሚስጥራዊ ደንበኛ በመሆን፣ ፈረንጆቹ «ሚስትሪ ሾፒንግ» በሚሉት ሥራ፣ ድሬዳዋ ላይ በነጻ መብላት፣ በነጻ ሆቴል ማደር፣ በነጻ ዕቃ መውሰድ ይቻላል። ሥልጠና አይጠይቅም፣ ማንም ይሠራዋል። በየወሩ ደህና ገንዘብ ይገኝበታል። ለመጀመር ትንሽ የመመዝገቢያ ክፍያ መክፈል ይበቃል። ድርጅት ያላገኘ ሰው ደግሞ ራሱ ካፌ ገብቶ «ልገመግማችሁ ነው» ብሎ ምሳውን ማግኘት ይችላል። ማንንም አይጎዳም። ጸሐፊው የሚለው ይህን ነው።

እኔ ይህን ሥራ ከ2015 ጀምሮ በትርፍ ጊዜዬ እየሠራሁት ነው። አልጠላሁትም። የምጽፈውም ስለማከብረው ነው።

ለማያውቀው ሰው ሥራውን ላስረዳ። አንድ ባንክ፣ ሆቴል ወይም የስልክ ድርጅት ሠራተኞቹ ደንበኛን እንዴት እንደሚያስተናግዱ ማወቅ ይፈልጋል። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሄዶ ቢያይ ሁሉም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ በጥናት ድርጅት በኩል ተራ ሰው ይልካል። ያ ሰው እንደማንኛውም ደንበኛ ይገባል፣ ይገዛል ወይም ይጠይቃል፣ ይወጣል፣ ያየውን ፎርም ላይ ይሞላል። አለቀ። ተዋናይም ሰላይም አይደለም። ዓይኑንና ጆሮውን ያከራየ ሰው ነው።

ከነጻው ምሳ ልጀምር፤ ሰው ሁሉ የተሻማው እሱን ስለሆነ።

አምና ግንቦት ላይ ከዚራ ያለ አንድ ምግብ ቤት ተመደብኩ። የምበላው እንኳ ተወስኖልኛል፦ አንድ ዋና ምግብ፣ አንድ ለስላሳ፣ በመጨረሻ አንድ ማኪያቶ። ፎርሙ 42 ጥያቄ ነበረው። በር ላይ ስደርስ ስንት ሰዓት ነበር? መጀመሪያ ያናገረኝ ሰው ከስንት ደቂቃ በኋላ መጣ? ሜኑው ንጹሕ ነው? ዋጋው ሜኑው ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? ሽንት ቤት ሳሙና አለ? የበሩ መቆለፊያ ይሠራል? ደረሰኝ ሳልጠይቅ ሰጡኝ ወይስ ጠይቄ?

ይህን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግቶ መጻፍ አይቻልም። እኔ የምጠቀመው ቴሌግራም ነው። ከሰው ጋር የማወራ መስዬ ለራሴ መልእክት እልካለሁ። «6:10 ገባሁ።» «6:14 ሰላም አለችኝ።» «6:41 ምግብ መጣ።» ሽንት ቤት ሁለቴ ሄድኩ፣ አንዴ ለማየት፣ አንዴ ለመጻፍ። ስመለስ ከጣሪያው የሚወርደው የቬንትሌተር ንፋስ የእንጀራውን ጠርዝ አድርቆት ነበር። ጥብሱን በልቼዋለሁ፣ ጣዕሙን ግን ዛሬ ብትጠይቁኝ አላስታውስም። የማስታውሰው የአስተናጋጇ ባጅ የተሰካው በግራ በኩል እንደነበረ ነው።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ለምግቡ የሚመልሱልኝ እስከ 500 ብር ነበር። ሂሳቡ 560 መጣ። 60ው ከኪሴ። ባጃጅ በኮንትራት ደርሶ መልስ 120፣ እሱም ከኪሴ። የጉብኝቱ ክፍያ 300 ብር። ስለዚህ እጄ ላይ የቀረው 120 ብር ነው። ሄጄ በልቼ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ሄደ። ሪፖርቱ ሦስት ሰዓት ወሰደብኝ። የዚያን ዕለት ማታ መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ ነው የጨረስኩት፣ ምክንያቱም በ24 ሰዓት ውስጥ ካልገባ ፎርሙ ይዘጋል። ገንዘቡ የገባልኝ በ47ኛው ቀን ነው። ምሳዬን መጀመሪያ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ማለትም ለአንድ ወር ተኩል ለድርጅቱ ያበደርኩት እኔ ነበርኩ። ሪፖርቱ አንድ ደረሰኝ ጎድሎት ቢመለስ ኖሮ ብድሩም ይቀር ነበር።

ሆቴሉም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ ደርሶኛል። አልጋው ጥሩ ነበር። ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በአላርም ተነስቼ ሪሴፕሽን እየደወልኩ ፎጣ መጠየቅና እስኪመጣ ደቂቃውን መቁጠር ነበረብኝ። ጠዋት ቁርስ ላይ እንቁላሉ ትኩስ መሆኑን፣ የጁስ ብርጭቆው ጠርዝ ንጹሕ መሆኑን መዝግቤያለሁ። እንቅልፍ ግን አልተኛሁም። ዕቃ በነጻ የሚለውን ደግሞ በአጭሩ ልለፈው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ዕቃ ትንሽ ነገር ነው። አንዳንዱ ምደባ እንዲያውም የገዙትን መልሶ ማስረከብ ነው፣ ሱቁ ዕቃ የሚመልስ ደንበኛን እንዴት እንደሚያስተናግድ ለማየት።

ጸሐፊው ሥልጠና አያስፈልግም፣ ማንም ይችላል ይላል። እዚህ ላይ ድሬን ረስቷታል።

ፎርሞቹ የሚዘጋጁት አዲስ አበባ ነው። አንድ ጊዜ እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ያለ የስልክ መሸጫ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ጎብኚ ተባልኩ። ድሬን የሚያውቅ ሰው ይህን አይጽፍም። ግንቦት ላይ፣ በዚያ ፀሐይ፣ በ8 ሰዓት ድሬ ላይ ማን ሱቅ ይከፍታል? ከተማው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፣ ወደ አሥር ሰዓት ግድም መልሶ ይከፈታል። መሐሉ የእረፍትና የበርጫ ሰዓት ነው። ደርሼ የተቆለፈ የብረት በር ፎቶ አንስቼ ላክሁ። «ጉብኝቱ አልተካሄደም» ተብሎ ክፍያው ቀረ።

በማግስቱ 11 ሰዓት ላይ ሄድኩ። በሩ ላይ እንደቆምኩ ልጁ ከውስጥ «አቦ ግቢ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ!» አለኝ። ወንበር ሳበልኝ። ውሃ ልስጥሽ ወይ አለኝ። ከዚያ በፊት ለገባችው ሴት በሶማልኛ፣ ከእኔ በኋላ ለመጡት አባት በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቷል። ፎርሙ ላይ ያለው ጥያቄ ግን እንዲህ ይላል፦ ሠራተኛው «እንኳን ደህና መጡ፣ ምን ልርዳዎ» ብሏል? አዎ ወይም አይ። ቀጥሎ ደግሞ፦ ደንበኛውን በአንቱታ አናግሯል? አዎ ወይም አይ።

ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይታወቅም። ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ የምንል ሰዎች ነን፣ ፍቅር እንጂ ንቀት የለበትም። ከሌላ ሀገር የመጣ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ኋላ ይወደዋል። ያ ልጅ በፎርሙ መሠረት ሁለት ዜሮ ሊሸከም ነው። ለእኔ ግን በዚህ ሥራ ካገኘሁት መስተንግዶ ሁሉ የእሱን የሚያህል የለም።

ሱፐርቫይዘሬ ጋ ደወልኩ። «ፎርሙ የሚለውን ሙሊ» አለኝ። ሞላሁ። ሁለት «አይ»። ከታች ባለችው የማብራሪያ ሳጥን ግን የልጁን ቃል እንዳለ ጻፍኩት፣ ወንበሩንም፣ ውሃውንም፣ ሦስቱን ቋንቋም። ማንም ይችላል የሚሉት ሥራ እንግዲህ እዚች ሳጥን ላይ ነው የሚፈተነው። ያዩትን ባዩት ልክ መጻፍ ይቀላል የሚል ሰው አልሞከረውም። ሰው ሲደክመው ሳጥኗን ባዶ ይተዋታል። እኔም ተውቻት አውቃለሁ፣ እመጣበታለሁ።

ሌላው ጉዳይ፣ ድሬ ትንሽ ናት። ሚስጥራዊ መሆን በራሱ ፈተና ነው። ከዚራ ያየሽ ሰው መጋላ ያገኝሻል። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረሽ የማያውቅሽ ቦታ ገባሁ ስትይ ካሸሯ የጎረቤትሽ ምራት ሆና ትገኛለች። ሥርዓት ያለው ድርጅት አንድን ሰው እዚያው ቦታ ቶሎ መልሶ አይልክም፣ የሚያውቁትንም ሰው አያስገመግምም። ይህ ማለት ድሬ ላይ አንድ ሰው የሚሠራባቸው ቦታዎች ቶሎ ያልቃሉ።

ይህም ወደ ገንዘቡ ያመጣናል። ከጀመርኩ እስካሁን የደረሱኝ ጉብኝቶች 31 ናቸው። በወር አንድም አይሞላም። አንዳንድ ወር ሦስት ይመጣል፣ ከዚያ አራት ወር ዝም። ቤት ኪራይ በዚህ አይከፈልም። የትምህርት ቤት ክፍያም አይከፈልም። ጸሐፊው አሜሪካ ያለውን ገቢ አንብቦ በምንዛሬ ያባዛው ይመስለኛል። እዚያ ለአንድ ተራ ጉብኝት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዶላር ይከፈላል፣ ሰፊ ገበያ ስላላቸው አንድ ሰው በቀን ሦስት አራት ቦታ ሊዞር ይችላል። እኛ ጋ ያ ገበያ የለም። የውጭዎቹ ድርጅቶች ብዙዎቹ የሚከፍሉት በፔይፓል ነው፣ እሱም ለእኛ ገንዘብ መቀበያ ሆኖ አያገለግልም። የሚከፍልሽ እዚሁ ያለ የጥናት ድርጅት በባንክ ወይም በቴሌብር ካልሆነ፣ ገንዘቡ እንዴት ይደርስሻል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ በጣም ያስቆጣኝ ነጥብ። የመመዝገቢያ ክፍያ።

ይህን ሥራ የሚሠሩ ድርጅቶች የራሳቸው ዓለም አቀፍ ማኅበር አላቸው። ኤምኤስፒኤ ይባላል፣ የተቋቋመው አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። እሱም ሆነ የአሜሪካ የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደጋግመው የሚያስጠነቅቁት አንድ ነገር ነው፦ ሥራ ለማግኘት ክፈል የሚልህ ሰው አጭበርባሪ ነው። እኔ በዚህ ሁሉ ጊዜ ለማንም አንድ ብር ከፍዬ አላውቅም። የሞላሁት መታወቂያዬን፣ የባንክ ቁጥሬንና አንድ አጭር የመለማመጃ ጽሑፍ ነው።

እዚያ ሀገር ያለው ማጭበርበር በቼክ ነው የሚሠራው። ሰውየው «ሚስጥራዊ ደንበኛ ሆነሃል» ይልህና በፖስታ ወፍራም ቼክ ይልካል። ባንክ አስገባ፣ ድርሻህን ያዝ፣ የቀረውን በገንዘብ ማስተላለፊያ ላክልኝና አገልግሎቱን ገምግም ይልሃል። ወይም የስጦታ ካርድ ግዛና ቁጥሩን ስደድልኝ ይላል። ባንኩ ቼኩ ሳይጣራ ገንዘቡን ለአንተ ይለቃል። ትልካለህ። ከቀናት በኋላ ቼኩ የሐሰት ሆኖ ይገኛል፣ ዕዳው ያንተ ይሆናል። ለላክኸው ገንዘብ የሚጠየቅ ሌላ ሰው የለም።

እኛ ጋ ቼክ አያስፈልጋቸውም፣ ቴሌግራም ይበቃቸዋል። ሳቢያን ያለች አንዲት የጎረቤቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ውጤት አልመጣላት ብሎ ቤት ተቀምጣ ነበር። ሚስጥራዊ ገምጋሚ ትሆኛለሽ ብለው አንድ ግሩፕ ውስጥ አስገቧት። የመጀመሪያው ሥራ ስልክ ላይ ሦስት ሆቴሎችን ኮከብ መስጠት ነበር። 400 ብር ገባላት። እውነተኛ 400 ብር። እናቷ ዘንድ መጥታ አሳየቻት፣ ለእኔም አሳየችኝ፣ ፊቷ በርቶ ነበር። ከዚያ «ደረጃ ሁለት ለመድረስ 1,200 አስገቢ» አሏት። አስገባች። ግሩፑ ውስጥ ያሉት ሰዎች «እኔም ደረሰኝ፣ እኔም ደረሰኝ» እያሉ ደረሰኝ ይለጥፋሉ። ቀጥሎ 3,500 ተጠየቀች። የእናቷን የዕቁብ ብር ሰጠች። በሦስተኛው ቀን ግሩፑ ጠፋ።

ያች ልጅ ሞኝ አይደለችም። የመጀመሪያዋን 400 ብር በዓይኗ አይታለች። ማን ቢሆን ያምናል። ጸሐፊው «ትንሽ የመመዝገቢያ ክፍያ» ብሎ በአንድ መስመር ያለፈው ነገር የሰው ዕቁብ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ይህችን መስመር ከጽሑፍህ አውጣት። ሌላውን ሁሉ ባትቀበለኝ እንኳ ይህችን አውጣት።

ማንንም አይጎዳም ወደሚለው ልምጣ። ይህን የምጽፈው ከብዶኝ ነው።

ሥራው ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሲጀመር ዓላማው መስተንግዶ አልነበረም። ባንኮችና ሱቆች ገንዘብ የሚሰርቅ ሠራተኛ ለመያዝ ነበር ሰው የሚልኩት። ከጊዜ በኋላ ነው ወደ መስተንግዶ የዞረው። ዛሬ የሙያው መመሪያዎች ሠራተኞች እንዲህ ያለ ግምገማ እንዳለ አስቀድሞ እንዲነገራቸው፣ ውጤቱም ሰው መቅጫ ሳይሆን ማሠልጠኛ እንዲሆን ይመክራሉ። መመሪያው ወረቀት ላይ አለ። ድሬ ያለች አስተናጋጅ ግን ወረቀቱን አላየችውም።

ለገሃሬ አካባቢ ያለ አንድ ካፌ ነበር። ዓርብ፣ 11 ሰዓት ተኩል። ፀሐይዋ በረድ ብላ ከተማው ሁሉ የወጣበት ሰዓት። ገብቼ ተቀመጥኩ። 14 ደቂቃ ማንም አልመጣም። የመጣችው ልጅ ፊቷ ላይ ላብ ነበር። ሰላም አላለችኝም፣ «ምን ላምጣ?» ብቻ። ማኪያቶ፣ ስኳሩን ቀነስ አርጊልኝ አልኳት። ስኳሩ ቀንሶ መጣ፣ ጥሩ ማኪያቶ።

ፎርሙን በዚያው ማታ ሞላሁ። የጥበቃ ጊዜ፦ 14 ደቂቃ። ሰላምታ፦ አይ። ፈገግታ፦ አይ። የማብራሪያ ሳጥኗ ላይ ስደርስ ደክሞኝ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ «አስተናጋጇ ፊቷ አይፈታም።» ላክሁት። በ40 ቀን ክፍያዬ ገባ።

ከአምስት ወር በኋላ ከፊራ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ አየኋት። ያወቀችኝ እሷ ናት። «ስኳር ቀነስ የምትይዋ!» አለችኝ። እዚያ ሥራ ለቀቅሽ ወይ አልኳት። መጀመሪያ ከደሞዟ እንደቆረጡባት፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ አትምጪ እንዳሏት ነገረችኝ። «አንድ ሰው ፊትሽ አይፈታም ብሎ ጽፎብሻል አሉኝ። ያን ቀን ጓደኛዬ ምጥ ይዟት ሄዳ እኔ ብቻዬን ነበርኩ፣ ለአሥራ አንድ ጠረጴዛ።»

ዝም ማለት እችል ነበር። አላወቀችም። ግን አልቻልኩም። እኔ ነኝ የጻፍኩት አልኳት።

አየችኝ። አልጮኸችም። «ታዲያ ብቻዬን እንደነበርኩ አላየሽም?» አለችኝ።

አይቼ ነበር። ፎርሙ አልጠየቀኝም። ጠረጴዛዎቹንም ቆጥሬያለሁ፣ ምክንያቱም ንጹሕ ናቸው ወይ የሚል ጥያቄ ነበረ። አንዲት ልጅ ብቻ ስትሯሯጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃኝ ነበር፣ ሳጥኗም ባዶ ቦታ ነበራት። ይህን ነገርኳት። ሽንኩርቱን መዘነችልኝ፣ ሁለት ኪሎ። ሚዛኑን አላጎደለችብኝም።

በሕግ ከሄድን አሠሪው እንደልቡ መቁረጥ አይችልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደሞዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በሕብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው ይላል፣ ከወሩ ደሞዝ አንድ ሦስተኛም መብለጥ የለበትም። ግን ስንቷ አስተናጋጅ ነች ይህን ይዛ የምትከራከር? ለግል ሠራተኛ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል እንኳ በሌለበት ሀገር የብዙዎቹ ኑሮ በጉርሻ ነው የሚደገፈው። እኔ በጥቂት ብር ትርፍ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር የእሷን እንጀራ ወሰደ። ማንንም አይጎዳም ለሚለው ሰው ያለኝ መልስ ይህ ነው።

የመጨረሻው ምክሩ ላይ ብዙ አልቆይም። ካፌ ገብቶ «ልገመግማችሁ ነው፣ ምሳ ጋብዙኝ» ማለት ሚስጥራዊ ደንበኝነት አይባልም። የተጋበዘ ሰው አይገመግምም። ባለቤቱ እምቢ ካለ ደግሞ መጥፎ ይጻፍብኛል ብሎ ይሰጋል። ይህ ማስፈራራት ነው፣ ተራ ስሙም ጉቦ ነው። ድሬ ውስጥ አንድ ምስኪን ፉል ቤት ከፍቶ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ላይ እንዲህ ማድረግ ነውር ነው።

ከጸሐፊው ጋር የምስማማበትም አለ። ሥራው ጥቅም አለው ማለቱ ልክ ነው። በሀገራችን ተመራማሪዎች በዚሁ ዘዴ እንደ ታማሚ ሆነው ፋርማሲ ገብተው አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንደሚሸጥ አሳይተዋል። ይህን በመጠይቅ ቢጠይቁ ማንም እሸጣለሁ ብሎ አያምንላቸውም ነበር። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ነጋዴ ዋጋ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። መለጠፉን ገብቶ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። ሳፋሪኮም ኔትወርኩን ለደንበኛ መክፈት የጀመረው ነሐሴ 2014 ላይ እዚሁ ድሬ ነው። አማራጭ ሲመጣ ደንበኛ እንዴት ተስተናገደ የሚለው ጥያቄ ክብደት ያገኛል። ጎበዝና ታማኝ የድሬ ልጆች በዚህ ሥራ ቢገቡ ደስ ይለኛል። ቢያንስ ሱቁ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ያውቃሉ።

የእህቴን ልጆች እምቢ አላልኳቸውም። ከመጀመራቸው በፊት ድርጅቱን ሦስት ነገር ጠይቁ አልኳቸው። ገንዘቡ መቼና በምን ይከፈላል? ሠራተኞቹ ግምገማ እንዳለ ያውቃሉ? የሰው ስም ሪፖርቱ ላይ ይገባል ወይ? ለሦስተኛው «አዎ» የሚል ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቁ አልኩ። ትንሿ አሁንም ነጻ ምሳው ላይ ነው ሐሳቧ። የ19 ዓመት ልጅ ናት፣ አልፈርድባትም። የመጀመሪያውን ሪፖርት አብሬያት እሞላለሁ ብያታለሁ።

ከከፊራው ቀን በኋላ እኔም ለሱፐርቫይዘሬ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ፎርሙ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር ብዬ። ለብዙ ጊዜ መልስ አላገኘሁም። ደግሜ ጻፍኩ። ሰዓቱንና ሰላምታውን ያለሠራተኛው ብዛት አልሞላም ብዬ አንድ ምደባ መለስኩ። ባለፈው ወር የደረሰኝ ፎርም ላይ 17ኛው ጥያቄ አዲስ ነበር፦ «በጉብኝቱ ሰዓት በሥራ ላይ የነበሩ አስተናጋጆች ብዛት።»

ሁለት ብዬ ሞላሁ። ከታች በሳጥኗ ውስጥ ጠረጴዛዎቹ 14 እንደነበሩ፣ ሁሉም ሰው እንደያዛቸው ጻፍኩ።